በቅል የመጣው ንጉሥ

«ተረት ተረት!»

«የመሰረት!»

የዛሬው ተረት ቀዝቃዛ ነው፤ ተጠጋግታችሁ ስሙ።

በድሮ ጊዜ፣ ጅብራ በሚበቅልበት ብርዳማ ተራራ ሥር፣ አንድ ወንዝ ነበረ። ውሃው እጅግ ስለሚቀዘቅዝ ስሙ «ጥርስ አስነክስ» ይባል ነበር። ወንዙ ከገደሉ አናት በፏፏቴ ይወርዳል። ከዚያ በመንደሩ ሥር ጠመዝመዝ ብሎ ያልፋል።

በወንዙ ውስጥ ትናንሽ ጥቁር ዓሦች ይኖሩ ነበር። ከንፈራቸው ሰፊ ነው። በከንፈራቸው ድንጋይ ላይ ይጣበቁና ቀኑን ሙሉ ድንጋዩን ሲልሱ ይውላሉ። ስለዚህ ልጆች «ድንጋይ ሳሚ» ይሏቸው ነበር። ድንጋይ ሳሚዎች ሲልሱት ድንጋዩ ላይ ያለው አረንጓዴ ዝልግልግ ይጠፋል። ድንጋዩ ይጠራል፤ ውሃውም ይጠራል። ሴቶች እንስራ አዝለው ሲሻገሩ አያዳልጣቸውም።

የዚያ አገር ሰው አንድ ልማድ ነበረው። ውሃ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ የጨለፈውን ቅል አጎንብሶ ያያል። በውስጡ ዓሣ ቢያገኝ፣ የእንቁራሪት ልጅ ቢያገኝ፣ ትል እንኳ ቢያገኝ፣ መልሶ ወደ ወንዙ ያፈሰዋል። ሲያፈስም «የውሃ ነፍስ ከውሃ ውጭ አትደር» ይላል። እንዲህ ያላደረገን ሰው ወንዙ ይቀየመዋል ይባል ነበር።

በመንደሩ አንጓች የምትባል ወጣት ነበረች። አባቷ ከመሞቱ በፊት ፊደል አስቆጥሯታል። ዳዊት ደግማለች፤ መጻፍም ታውቃለች። ደብዳቤ የመጣለት ሁሉ የሚሄደው ወደ እሷ ነው። እሷ ግን ዓይነ አፋር ነበረች። የሰውን ደብዳቤ ስታነብ እንኳ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር። የመንደሩ ሴቶች ይስቁባታል።

«አንጓችን እባብ ቢነድፋት፣ እባቡን ላለማሳፈር ዝም ትላለች» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን አንጓች ውሃ ልትቀዳ ወረደች። ከወንዙ ማዶ አንድ መንገደኛ መጣ። ካባው ረጅም ነው። ፀሐዩ ፊት ለፊት እየመታው ጥላ አልነበረውም። በእጁ አፉ የተወተፈ ቅል ይዟል።

«እህቴ» አላት፣ «ገበያ ደርሼ እስክመለስ ይህን ቅል አደራ። በሦስተኛው ቀን እመጣለሁ።»

«ምን አለበት?» አለች አንጓች፣ መሬት መሬት እያየች።

«ከሩቅ አገር የመጣ ዓሣ አለበት። ይህ ዓሣ የዕቃው ልክ ነው። በቅል ሲኖር ጣት ያክላል። እንዳትደፊው። ለማንም እንዳትነግሪ።»

አንጓች እምቢ ማለት አፈረች። ቅሉን ተቀበለች።

ቤቷ ገብታ ውታፉን ነቅላ አየች። ዓሣው ወርቅ ይመስላል። ጎኑ ላይ ቀይና ጥቁር ነጠብጣብ አለበት፤ እንደ ነብር ዝንጉርጉር ነው። አንጓች እንዲህ ያለ ውብ ነገር አይታ አታውቅም።

በመጀመሪያው ቀን ዓሣው አፉን ከውሃው ብቅ አድርጎ፣ «አንጓች፣ ጠበበኝ» አላት። ደንግጣ ቅሉን ወተፈችው።

በሁለተኛው ቀን፣ «አንጓች፣ ጠበበኝ» አላት። ውሃውን ቀየረችለት።

በሦስተኛው ቀን መንገደኛው አልመጣም። ፀሐይ ልትጠልቅ ተቃረበች። «አንጓች፣ ጠበበኝ» አላት ዓሣው፣ «የአገርሽ ልማድ የታለ? የውሃ ነፍስ ከውሃ ውጭ ሦስት ቀን አደረች።»

አንጓች ተጨነቀች። አደራ ከባድ ነው። ልማድም ከባድ ነው። ትልቅ ሰው መጠየቅ ነበረባት። ቅሉን በነጠላዋ ደብቃ ወደ ጭቃ ሹም አበጋዝ ቤት ሄደች። ጭቃ ሹም የመንደሩ አለቃ ነው። ከደጁ ስትደርስ ግቢው በወንዶች ተሞልቷል፤ ጮክ ብለው ይስቃሉ። አንጓች አጥሩ ሥር ትንሽ ቆመች። አንድ እግሯን ወደ በሩ አነሳች። ከዚያ ፊቷ ጋለባትና ተመለሰች።

በቀጥታ ወንዝ ወረደች። «የውሃ ነፍስ ከውሃ ውጭ አትደር» አለች። ቅሉን ደፋችው።

ዓሣው ውሃውን እንደነካ፣ ጣት የነበረው ክንድ አከለ። ጅራቱን አንድ ጊዜ መታና ጠለቀ። እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አላላትም።

መንገደኛው ከዚያ ወዲያ አልታየም። አንጓች ባዶውን ቅል ጓዳዋ ውስጥ ሸሸገችው።

ዓሣው የዕቃው ልክ ነበርና፣ አሁን ዕቃው ወንዝ ሆነለት። መጀመሪያ ክንድ አከለ። ቀጥሎ በግ አከለ። ዓመት ሲሞላው ፈረስ አከለ። ዘርም ዘራ፤ ልጆቹ በየድንጋዩ ሥር ፈሉ። ድንጋይ ሳሚዎች ከድንጋዩ ላይ የሚለቅሙትን ትል ቀድሞ ይበላል። የሚደበቁበትን ጥላ ቀድሞ ይይዛል። ሲርበው ደግሞ እነሱኑ ይውጣቸዋል። ድንጋይ ሳሚዎች እንዲህ ያለ ጠላት አያውቁም ነበር። እናቶቻቸው መሸሽን አላስተማሯቸውም። ድንጋያቸውን እንደሳሙ ተበሉ።

አንጓች ይህን አየች። ማንም ሳይኖር ወንዝ ወረደችና ጠራችው። ዓሣው ራሱን አወጣ። ቀዩ ነጠብጣብ ግንባሩ ላይ ተሰብስቦ ዘውድ መስሏል።

«ድንጋይ ሳሚዎቹን ለምን ትበላቸዋለህ?» አለችው።

«ንጉሥ ሆይ በይኝ» አላት። «ጠበበኝ። የሸሹት ኮሶው ሥር ካለው ኩሬ ገብተዋል። ጠጠር በከንፈራቸው እየገፉ በሩን ዘግተውብኛል። ድንጋዩን አንሺልኝ።»

«አላነሳም።»

«እንግዲያው ውሃ ለሚቀዳ ሁሉ እናገራለሁ። ማን እንዳስገባኝ እናገራለሁ። ድምፄ እንደሆነ ትልቅ ነው።»

አንጓች የሰው ዓይን ሁሉ ፊቷ ላይ ሲያርፍ ታያት። ቀሚሷን ሰብስባ ውሃው ውስጥ ገባች። ድንጋዩን አንድ በአንድ አነሳች። ንጉሡ ገባ። ከኩሬው ውስጥ ምንም ድምፅ አልተሰማም፤ ዓሣ አይጮህምና።

በዚያ ቀን አንዲት ጠጠር ጉሮሮዋ ውስጥ ገባች። ብትውጣት አልወርድ አለች። ብትተፋት አልወጣ አለች።

በሦስተኛው ዓመት ንጉሡ ራሱ ጠራት።

«አንጓች፣ ጠበበኝ። የተረፉት ጅብራው ሥር ካለው ምንጭ ገብተዋል። ድንጋዩን አንሺልኝ።»

«እባክዎ ንጉሥ ሆይ፣ እነዚህን እንኳ ይተዉልኝ።»

«እናገራለሁ።»

አነሳችለት። ሁለተኛዋ ጠጠር ጉሮሮዋ ውስጥ ገባች። ድምፅዋ ሻከረ።

አሁን ድንጋዩን የሚስም ጠፋ። አረንጓዴው ዝልግልግ ወንዙን አለበሰው። ውሃው ሸተተ። ልጆች ሆዳቸውን ይዘው አለቀሱ። ሴቶች በመሻገሪያው እያዳለጣቸው ወደቁ፤ የመንደሩ እንስራ በአንድ ክረምት ተሰባብሮ አለቀ። አንዲት ነፍሰ ጡር ወድቃ ልጇ ሞተባት።

ጭቃ ሹም አበጋዝ ሰውን ሰበሰበ።

«ወንዛችን ምን ሆነ? ምን ገባበት? ማን አስገባበት?» አለ።

አንጓች ከሴቶቹ ኋላ ተቀምጣለች። አፏን ከፈተች። ጠጠሮቹ ተንቀሳቀሱ። አፏን መልሳ ዘጋች።

አንዱ ተነሳና፣ «ላቀች ናት!» አለ። «ከላይ የበግ ፀጉር የምታጥብ እሷ ናት። ወንዙን የገደለው የፀጉሩ እጣቢ ነው!»

ላቀች ባሏ የሞተባት አሮጊት ናት። ከበግ ፀጉር ባና የሚባለውን ወፍራም ብርድ ልብስ ትሠራለች። በመንደሩ እሷ በሠራችው ባና ያልተሸፈነ ልጅ አልነበረም።

«ጭቃ ሹም፣ ጸጉር ሳጥብ ሠላሳ ዓመቴ ነው» አለች ላቀች። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዓሣውን ምን ብዬ ለምኜ አቆየሁት? ወይስ ጸጉሩ ዘንድሮ ጥርስ አበቀለ?»

አንዳንዱ ሳቀ። ሌላው ግን ጮኸ። የተጠማና የተቆጣ ሰው ምክንያት አይመዝንም። ላቀች ከመንደር እንድትወጣ ተፈረደባት።

«አንጓች፣ ነይ ጻፊ» አለ ጭቃ ሹም። ከእሷ በቀር መጻፍ የሚችል አልነበረም።

አንጓች ጉልበቷ ላይ ወረቀት ዘርግታ፣ «ላቀች ወንዙን አጥፍታለችና ከመንደራችን ትውጣ» ብላ ጻፈች። እጇ ተንቀጠቀጠ። ቀለሙ ፈሰሰ።

ላቀች ጠጋ ብላ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት። «አይዞሽ ልጄ፣ አትንቀጥቀጪ» አለቻት። «አንቺ ምን አደረግሽ? የታዘዝሽውን ነው የጻፍሽው።»

ሦስተኛዋ ጠጠር ያን ጊዜ ገባች። ከሁሉም ትልቋ እሷ ነበረች።

ላቀች እንዝርቷንና አንዲት በግ ይዛ ወደ ገደሉ ወጣች። ከዚያ በኋላ በመንደሩ ስሟ አልተነሳም። አንጓች ግን በየቀኑ በልቧ ታነሳው ነበር።

በሰባተኛው ዓመት ንጉሡ እንደገና ጠራት። ከታች የሚበላው አልቆበታል።

«አንጓች፣ ጠበበኝ። ከፏፏቴው በላይ ድንጋይ ሳሚዎች እንዳሉ ይሸተኛል። ሦስት ጊዜ ዘለልኩ፤ ሦስት ጊዜ ገደሉ መለሰኝ። አንቺ ታወጪኛለሽ። ሦስት ቀን ሰጥቼሻለሁ። አለዚያ እናገራለሁ።»

አንጓች መልስ ሳትሰጥ ገደሉን ወጣች። መንገዱ ያዳልጣል። ከፏፏቴው ጎን ስትደርስ ቆመች። በእርጥቡ ድንጋይ ላይ፣ በየስንጥቁ ተደብቀው የተረፉ ጥቂት ትናንሽ ጥቁር ዓሦች በከንፈራቸው እየተጣበቁ ወደ ላይ ይወጣሉ። አንድ ስመው ያርፋሉ። አንድ ስመው ይወጣሉ። አንዳንዱ ይወድቃል። የወደቀው አይመለስም፤ ከታች የሚጠብቀው አለ።

ከአናቱ ላይ ጥርት ያለች ትንሽ ኩሬ ነበረች። ድንጋዮቿ እንደ ታጠበ ሰሐን ንጹሕ ናቸው። አንጓች የድሮውን ወንዝ ያየች መሰላት። ተቀምጣ አለቀሰች።

አንዲት አሮጊት ድንጋይ ሳሚ ወደ ዳር መጣች። ከንፈሯ በግማሽ ተቀድዷል።

«ልጄ፣ የምንሸሽበት ሌላ የለንም» አለቻት። «ከዚህ በላይ በረዶና ሰማይ ነው። ያን አውሬ ማን አስገባው?»

አንጓች ጉሮሮዋን ይዛ ፊቷን አዞረች።

ከኋላዋ የእግር ኮቴ ተሰማ። ላቀች ናት። የታጠበ የበግ ፀጉር በጉያዋ ይዛለች። ዓይኗ በብርዱና በምትኖርበት ዋሻ ጭስ ደክሟል፤ አጠገቧ እስክትደርስ አልለየቻትም።

«ማነሽ አንቺ? አንጓች ነሽ እንዴ? ደብዳቤ አምጥተሽልኝ ነው?»

«አይደለም፣ እማማ ላቀች።»

«ታዲያ ምን ታለቅሻለሽ? ያን ወንዝ ያጠፋውን አገኛችሁት? ማን ነው ያስገባው?»

ሦስተኛ ጊዜ ተጠየቀች። አንጓች ነጠላዋን ከፊቷ ላይ አወረደች። አፏን ከፈተች። ጉሮሮዋ የተቀደደ እስኪመስላት ድረስ ታገለች።

«እኔ ነኝ» አለች።

አንዲት ጠጠር ከአፏ ወጥታ ኩሬው ውስጥ ጠብ አለች።

ሁሉንም ነገረቻት። ቅሉን፣ መንገደኛውን፣ ያነሳቻቸውን ድንጋዮች፣ የጻፈችውን ወረቀት። ላቀች በጉያዋ የያዘችውን ፀጉር ድንጋይ ላይ አኖረች።

በመጨረሻ፣ «ልጄ፣ ቀደም ብለሽ ብትመጪ ቤቴ ጣሪያ ነበረው» አለች።

ሌላ ክፉ ቃል አልተናገረቻትም። አንጓች ግን ብትደበድባት ይሻላት ነበር።

አሮጊቷ ድንጋይ ሳሚ ውሃውን መታ አደረገች። «ልቅሶው ይቆየን» አለች። «መንገደኛው ሲሰጥሽ ያለሽን ድገሚልኝ።»

«ይህ ዓሣ የዕቃው ልክ ነው አለኝ።»

«እንግዲያው ዕቃውን አሳንሺበት። እኛ በጠባብ ቦታ መኖር እናውቃለን። እሱ ግን ጠበበኝ እያለ ነው የኖረው። ሰፊ ቦታ አሳዪው፤ በጠባብ መንገድ አምጪው።»

አንጓች አሰበች። ከወንዙ እስከ ገደሉ ሥር ቦይ መቆፈር አለበት። በሦስት ቀን አንድ ሰው አይቆፍረውም።

«ሰው ያስፈልግሻል» አለች ላቀች። «ሰው ደግሞ ለምን ብሎ ይጠይቃል።»

አንጓች በማግስቱ ጠዋት ጭቃ ሹም አበጋዝ ደጅ ሄደች። ግቢው በወንዶች ተሞልቷል። እንደዚያን ጊዜው ይስቃሉ። እንደዚያን ጊዜው ፊቷ ጋለ። ዛሬ ግን ገባች።

«ጌታዬ፣ የምናገረው አለኝ።»

«ኧረ ዛሬ ዝናብ ይዘንባል!» አለ አንዱ። «አንጓች ተናገረች! እባቡ ነደፋት መሰለኝ።»

«ወንዙ ውስጥ አውሬ ያስገባሁት እኔ ነኝ» አለች።

ሳቁ እንደ ተቆረጠ ገመድ ቀረ። ሁለተኛዋ ጠጠር እግሯ ሥር ወደቀች። አንጓች እስከ መጨረሻው ተናገረች። ልጇ የሞተባት ሴት በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

ጭቃ ሹም ከመቀመጫው ተነሳ። «ጽፈሽ!» አለ። «በላቀች ላይ በገዛ እጅሽ ጽፈሽ!»

«አዎ ጌታዬ።»

«እያወቅሽ!»

«አዎ ጌታዬ። እያወቅሁ።»

«እሷም ትባረር!» አለ አንዱ። «እሷም ትውጣ!» አሉ ብዙዎች።

አንድ ጥርሱ ያለቀ ሽማግሌ በትሩን መሬት ላይ መታ። «መጀመሪያ ቦዩ ይቆፈር» አለ። «ለማባረር መቼም ጊዜ አናጣም። ተምረነዋል።»

ጭቃ ሹም ራሱ አንገቱን ደፋ። ላቀችን የፈረደባት እሱ ነበርና። ከዚያ ዶማውን አነሳ።

ሦስት ቀን ተቆፈረ። ከወንዙ ሰፊ ቦይ ወጣ። እየሄደ ጠበበ። በቦዩ ጫፍ ከብት የሚጠጣበትን የእንጨት ገንዳ አስቀመጡ። ከገንዳው ቀጥሎ እስከ ወገቡ የተቀበረ እንስራ። ከእንስራው ቀጥሎ አንጓች ቆመች። በእጇ ያን የሸሸገችውን ቅል ይዛለች። ሰዉ ሁሉ ከድንጋይ ኋላ ተደበቀ። ላቀችም ከገደሉ ወርዳ መጣች።

«ንጉሥ ሆይ!» አለች አንጓች። «መንገድዎ ተሠርቷል። በዚህ ቢመጡ ወደ ላይኛው ውሃ ይደርሳሉ።»

ንጉሡ ራሱን አወጣ። ፈረስ ያክላል። ቦዩን አየና ደስ አለው። ገባ። ቦዩ ውስጥ ሲገባ በግ አከለ።

«አንጓች፣ ዳሩ ቀረበኝ።»

«ወደ ላይ የሚወጣ መንገድ እንዲህ ነው፣ ንጉሥ ሆይ። ጥቂት ይዝለሉ።»

ዘለለ። ገንዳው ውስጥ ወደቀ። ድመት አከለ።

«አንጓች፣ ጠበበኝ።»

«ደርሰዋል፣ ንጉሥ ሆይ። ጥቂት ይዝለሉ።»

ዘለለ። እንስራው ውስጥ ወደቀ። መዳፍ አከለ። ዞር ሊል ፈለገ፤ ግድግዳ። ወደ ኋላ ሊል ፈለገ፤ ግድግዳ። ያን ጊዜ ነቃ።

«ከዳሽኝ!» ብሎ ጮኸ። ድምፁ ግን ቀጥኗል። «አሁን መልሺኝ! አለዚያ ለአገሩ ሁሉ እናገራለሁ! ማን እንዳስገባኝ እናገራለሁ!»

ከየድንጋዩ ኋላ ሰው ብቅ ብቅ አለ።

«ተናገር እንጂ!» አሉት። «እኛስ ከሦስት ቀን በፊት ሰምተናል!»

ጥርሱ ያለቀው ሽማግሌ፣ «አዲስ ወሬ የለህም እንዴ፣ ጌታው?» አለው።

ንጉሡ የሚይዝበት ገመድ ተበጠሰ። ሰባት ዓመት አንጓችን ያሰረው ያ ገመድ ነበር። ጭቃ ሹም የእንስራውን ጎን በዶማ መታው። ውሃው ፈሰሰ። ንጉሡ መተንፈሻ አጥቶ ዘለለ። ከአንጓች ቅል በቀር ውሃ አልነበረም። ቅሉ ውስጥ ወደቀ። ጣት አከለ።

«ንጉሥ እኮ ነኝ!» አለ ከውስጥ።

«የዕቃህ ልክ ነህ» አለችው አንጓች።

ላቀች ከባናዋ አንድ ቁራጭ ቀደደች። የቅሉን አፍ በእሱ አሰረችው፤ አየር ያስገባል፣ ዓሣ አያስወጣም።

ሰው እልል አለ። አንጓች ግን እልል አላለችም። ወደ ወንዙ አየች። በዝልግልጉ መሀል ክንድ ክንድ የሚያክሉ ዝንጉርጉር ዓሦች ይመላለሳሉ። የንጉሡ ልጆች ናቸው። እነሱ አይናገሩም፤ አስማትም የላቸውም። ይበላሉ ብቻ። አንድ ሺህ ናቸው፤ አንድ ሺህ ቅል ደግሞ የለም። ሰው ለዓመታት አጠመዳቸው። ጎደሉ እንጂ አላለቁም።

ስለዚህ ወንዙ ለሁለት ተከፈለ። ከፏፏቴው በላይ የድንጋይ ሳሚዎች ሆነ። ከፏፏቴው በታች የእንግዶቹ ሆኖ ቀረ። ድንጋይ ሳሚዎች ያለ ደመወዝ የሠሩትን ሥራ አሁን ሰው በወገቡ ይሠራዋል። በየሳምንቱ ሐሙስ ሴቱም ወንዱም መሻገሪያው ላይ አጎንብሶ ድንጋይ ይፈገፍጋል። እስከ ቀትር ጥርሱን ነክሶ ይፈገፍጋል። በሳምንቱ ተመልሶ አረንጓዴ ይሆናል።

አንጓችን አላባረሯትም። ልጇ የሞተባት ሴት ግን ከዚያ በኋላ ሰላም ብላት አታውቅም። አንጓችም አልፈረደችባትም።

የላቀችን ቤት ጣሪያ አንጓች በገዛ እጇ ከደነችው። ሳሩን አጭዳ፣ ተሸክማ፣ ከደነችው። ከዚያ ላቀች ወዳለችበት ገደል ወጥታ፣ «እማማ ላቀች፣ ቤትዎ ጣሪያ አለው» አለቻት።

«እግዜር ይስጥሽ» አለች ላቀች። «እዚህ ግን ውሃው ጥሩ ነው።» አልወረደችም። ቤቱ ተከድኖ ባዶውን ቀረ። ሦስተኛዋ ጠጠርም እንዲሁ አልወጣችም። አንጓች እስክታረጅ ድረስ ድምፅዋ ሻካራ ነበር።

ልማዱም ከዚያ ወዲህ ተለወጠ። ውሃ የሚቀዳ ሰው ዛሬ እንዲህ ይላል፦ «የዚህ ውሃ ነፍስ ለዚህ ውሃ። የእንግዳው ነፍስ ለአገሩ ውሃ።» የማያውቀውን ነገር ያገኘ ሰው ሳይደፋ ይጠይቃል። ዓይነ አፋር ቢሆንም ይጠይቃል።

ቅሉን የምትጠብቀው አንጓች ነበረች። በየጠዋቱ ውሃውን ትቀይርለታለች። በየጠዋቱ፣ «አንጓች፣ ጠበበኝ» ይላታል። በየጠዋቱ፣ «አውቃለሁ» ትለዋለች። አትደፋውም።

ልጆች ወደ ቤቷ ሲመጡ ምሰሶው ላይ የተሰቀለውን ቅል ያያሉ።

«እማማ አንጓች፣ ያ ቅል ውስጥ ምንድን ነው?» ይሏታል።

አንጓች ፊቷ ይግላል፤ ከእርጅናዋም ጋር ይግላል። ግን ነጠላዋን ከፊቷ ታወርዳለች። በሻካራ ድምፅዋ፣ «ተቀመጡ፣ እኔ ያጠፋሁትን ልንገራችሁ» ትላለች። የጠየቃትን ልጅ አንድም ቀን ዝም ብላ አልሸኘችም።

ልጆች፣ ጥፋቱን በጊዜ የተናገረ ሁሉን ያድናል። ዘግይቶ የተናገረ ግማሹን ያድናል። ዝም ያለ ግን፣ ሌላውን ከቤቱ አስወጥቶ እሱም በቤቱ አያድርም።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ቅሉን ግን አትድፉብኝ።